ዱባ የተጻፈበት ሞተር

ሞተሩ ከመቂ የመጣው በሽንኩርት ጆንያ ተጠቅልሎ ነው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። ሾፌሩና ረዳቱ ተጋግዘው አወረዱትና "የወንድምህ ዕቃ ነው፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ" ብለውኝ ሄዱ። ሁለቱም ፊቴን ማየት አልፈለጉም። ወንድሜ ከተቀበረ ሁለተኛ ወሩ ነበር። ድንኳኑ ከተነሳ፣ ወንበሩ ወደ ዕድር ቤት ከተመለሰ፣ የእማዬ የጸሎት ወዳጆችም መምጣት ከቀነሱ ቆይቷል።

እማዬ ወጥታ ጆንያውን አየችው።

"ምንድን ነው?"

"የጋሽዬ ሞተር ነው፤ መቂ ሲሠራው የነበረው።"

"ወደ ቤት እንዳታስገባው" አለችና ተመለሰች።

ስለዚህ ከቆርቆሮው ጥላ ስር፣ ከአሮጊቷ አጠገብ አስቀመጥኩት።

አሮጊቷ የምንላት ሞተር ሳይክላችንን ነው። በእኛ ቤት ሌላ ስም የላትም። የአባባ ነበረች። አባባ ወንጂ የሸንኮራ እርሻ ላይ ተቆጣጣሪ ነበር፤ በእሷ ላይ ሆኖ ከማሳ ማሳ ይዞር ነበር አሉ። እሱ ሲገዛትም አሮጌ ነበረች። ታንከሯ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ ስለጠፋ ጣሊያን ሠራሽ ናት የሚል አለ፤ የእንግሊዝ ናት የሚልም አለ። አባባን አላስታውሰውም። ሲሞት ገና አልተራመድኩም ነበር። ያሳደገኝ ጋሽዬ ነው ብል እማዬም አትቃወመኝም። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ። እስካሁን አልለመድኩትም።

ዱባ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ስወለድ ጭንቅላቴ ትልቅ ነበር። እማዬ ከሆስፒታል ይዛኝ ስትመጣ ጋሽዬ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አየኝና "ዱባ ነው እንዴ የወለድሽው?" አላት። በዚያው ቀረ። የሰፈር ልጅ ሰምቶ ዱባ ካለኝ ግን ጋሽዬ ይቆጣ ነበር። "የእኔ ዱባ ነው፤ አንተ የራስህን ፈልግ" ይለዋል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ በአሮጊቷ ሶደሬ ወሰደኝ። ከኋላው ተቀምጬ ነው የሄድኩት። ከመንገዱ ያየሁት ብዙ የለም። የማየው ጀርባውን ነበር፤ ሸሚዙ በንፋስ ተነፍቶ ፊቴን ይመታኛል። በየመጠምዘዣው "ዱባ!" ብሎ ይጮሃል፤ መውደቅ አለመውደቄን ለማወቅ ነው። "አቤት!" እላለሁ። አንዴ ሆን ብዬ ዝም አልኩ። ወዲያው ፍሬን ይዞ ቆመ፤ ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። "ሁለተኛ እንዲህ አታድርግ" አለኝ። ሶደሬ ደርሰን ጦጣዎች ዳቦአችንን ቀሙን። እየሳቅን ተመለስን።

በኋላ የአሮጊቷ ፒስተን ተጣበቀ። መለዋወጫ አዲስ አበባም ጠፋ። ቢገኝም ቤንዚን አልነበረም፤ ባጃጆቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው የሚውሉበት ጊዜ ነበር። ጋሽዬ ያኔ መቂ፣ አንድ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሽማግሌ ዘንድ ይሠራል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡት ፓምፖች ሞተራቸው ትንሽ ነው፤ አንድ ፒስተን ብቻ፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳ፣ ናፍጣ የሚጠጣ። "ከጭቃ ውስጥ ጎትተህ አውጣው፣ ገመዱን ሳበው፣ ይነሳል። እንደሱ የሚታገሥ ዕቃ አላየሁም" ይል ነበር። አንድ እሑድ አሮጊቷን ዙሪያዋን ሲያያት ቆየና "ከእንግዲህ ናፍጣ ነው የምትጠጪው፣ እናቴ" አላት።

የድሮ ሞተሯን አወረደ። በያጅ ቤት ወስዶ አካሏን አስቆረጠ፤ በቦታው አዲሱን ሞተር የሚሸከም ወፍራም ብረት አስበየደባት። ጉልበቱ ከሞተሩ በቺንጊያ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ ወደ አንድ መሃል ዘንግ፣ ከዘንጉ በካቴና ወደ ኋላ ጎማ እንዲሄድ ነው ያሰበው። ቺንጊያውን በእጅ ስትወጥረው ትሄዳለች፣ ስታላላው ትቆማለች። ማርሽ የላትም። ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ስሎ አሳይቶኝ ነበር። እኔ በደንብ አላየሁትም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ፈተናውን ወድቄ፣ ሶፋ ላይ ስልኬን ይዤ የምውልበት ዓመት ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጋሽዬ ከአሮጊቷ ስር ተኝቶ ይሠራል። ጓደኞቼ በር ላይ ቆመው ነበር። አንዱ "ወንድምህ ምን እየሠራ ነው?" አለኝ።

"የአባባን ሞተር ሳይክል የሽንኩርት ማጠጫ እያደረጋት ነዋ" አልኩ። "ሲጨርስ መቂ ወስዶ ይተክላታል።"

ሳቁ። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። እንዲሰማኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ። ለምን እንደፈለግኩ አላውቅም።

ጋሽዬ ከስር ወጣ። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በስሜ ጠራኝ። መዝገብ ላይ በተጻፈው ስሜ፣ እንደ አስተማሪ። "ውሃ አቀብለኝ" አለኝ። አቀበልኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዱባ ብሎኝ አያውቅም። አልተጣላንም። አብረን እንበላለን፣ ከመቂ ሲመጣ ቲማቲም ያመጣል፣ "ደህና ነህ?" ይለኛል። በስሜ ግን። ይቅርታ ለማለት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ደግሞስ በገዛ ስሙ የተጠራ ሰው ምን ብሎ ይከፋል?

ከዚያ ታመመ። ከመቂ ሲመጣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ጉበት ነው አሉን። ሆስፒታል የተኛው አምስት ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን አጠገቡ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዓይኑን ገለጠና በስሜ ጠራኝ። ቶሎ ጎንበስ አልኩ። "መስኮቱን ዝጋው" አለኝ። ዘጋሁትና ተመልሼ ቆምኩ። ሌላ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንቅልፍ ወሰደው።

ያ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጆንያውን የፈታሁት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ሞተሩ ጭቃና ግራሶ ጠጥቶ ነበር። ጨርቅ በናፍጣ ነክሬ ከአንደኛው ጫፍ መጥረግ ጀመርኩ። በጎኑ፣ ከጭቃው ስር፣ ነጭ ቀለም ብቅ አለ። መጀመሪያ "ዱ" ወጣች። እጄ ቆመ። ቀስ ብዬ ስጠርግ "ባ" ተከተለች።

ዱባ።

የጋሽዬ ጽሑፍ ነው። የባን ረጅም እግር ከልክ በላይ ስለሚያስረዝመው ዱላ የተመረኮዘ ሰው ታስመስላለች። በዓለም ላይ እንዲህ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም። ከሞተሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስሜን ጽፎበታል። መቂ ሆኖ፣ ብቻውን፣ ከኩርፊያው በኋላ፣ ስሜን በቀለም ጽፎበታል። ለእኔ ሊሰጠኝ ነበር ማለት ነው። ወይም ቢያንስ ዱባ ማለቱን አልተወም ማለት ነው። ከዚያ በላይ አልጠረግኩም። ናፍጣው ቀለሙን እንዳያነሳው ፈራሁና ሌላውን ጫፍ ከነጭቃው ተውኩት።

እማዬ በዚያ ሳምንት "ይህን ብረት ሁሉ ቆራሌው ይውሰድልኝ፤ ባየሁት ቁጥር ከስሩ የሚወጣ ይመስለኛል" አለች።

"እማዬ፣ ስሜን ጽፎበታል።"

"የት?"

አሳየኋት። አልነካችውም። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገችና ደግማ አየችው።

"እንግዲያው ጨርሰው" አለች።

ለመጨረስ ከሁለት ወር በላይ ፈጀብኝ። ሌላ ሰው በሁለት ሳምንት ይጨርሰው ይሆናል። የጋሽዬን ደብተር ዘርግቼ፣ ሥዕሉን እያየሁ፣ አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ አስሬ እፈታለሁ። ከጓደኞቼ አንዱ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ሌሎቹ ሲያልፉ ከሩቅ እጅ ያነሱልኛል። ሐዘን ያለበት ቤት ሰው ምን እንደሚያወራ አያውቅም። ከሰዓት ሲሆን የናዝሬት ንፋስ አቧራውን ይዞ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ይንኳኳል። አንዳንዴ ሳላስበው ጮክ ብዬ እናገራለሁ። "ጋሽዬ፣ ይሄ የብሎን ዳዶ የት ነው የሚገባው?" እላለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ ሰው እንዳልሰማኝ አያለሁ።

ሞተሩ የሚቀመጥበት ብረት አራት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳዎቹ እኩል ስለሆኑ ሞተሩ በፈለግከው በኩል ዞሮ ይገባል። ዱባ የተጻፈበትን ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ መብራቱ አደረግኩት። አንድም ደቂቃ አላሰብኩበትም። ስም ፊት ለፊት ነው የሚሆነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ መንገድ አወጣኋት። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ልጆች ነበሩ፤ ወርደው ከበቡኝ። ገመዱን ሳብኩ። እምቢ አለ። ደገምኩ። በሰባተኛው ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ። ልክ የመቂ ማሳ ድምፅ። እማዬ በር ላይ ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። አሮጊቷ ላይ ወጣሁ፣ ቺንጊያውን ወጠርኩ።

ወደ ኋላ ሄደች።

ወደ ኋላ፣ ዝም ብላ፣ በሙሉ ልቧ። ቺንጊያውን እስካላላ ድረስ የጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር ውስጥ በጀርባዋ ገባች። ዶሮዎቹ ተበተኑ።

"አቦ! ሰውዬው ወደ ልጅነቱ እየተመለሰ ነው!" አለ አንዱ።

"መብራቱን ከኋላ ግጠምለት!"

"ጃል፣ ምንም አይደል፤ አሰላ መሄድ ስትፈልግ ፊቷን ወደ ሞጆ አዙራት!"

ጎረቤታችን ወጥተው አጥራቸውን አይተው ሊቆጡ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ተዉት። ያ መተዋቸው ከልጆቹ ሳቅ ይልቅ ከበደኝ። ጋሽዬ ቢኖር ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር። መሬት ላይ ተንከባልሎ።

ደብተሩን ደግሜ ደጋግሜ አየሁ። ስህተቱ ከእሱ ሥዕል ይሁን ከእኔ እጅ አልገባኝም። ማክሰኞ በሚኒባስ መቂ ሄድኩ።

የፓምፕ ጠጋኙን ሽማግሌ ከዚያ በፊት ያየኋቸው በጋሽዬ ቀብር ላይ ብቻ ነው። ሱቃቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የቲማቲም ሣጥን ከሚጫንበት ጀርባ ነው። ገና ሳልናገር ከበርጩማቸው ተነሱ።

"አካም ጂርታ፣ ጉርባ! ዓይንህ የሱ ነው። ጀባዱ፣ ጀባዱ" አሉኝ፤ እንዴት ነህ አንተ ልጅ፣ በርታ በርታ ማለታቸው ነው። ደህና መሆኔን፣ እማዬ ደህና መሆኗን፣ ቤቱ ደህና መሆኑን በተራ ጠየቁኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ስልኬ ላይ የአሮጊቷን ፎቶ አሳየኋቸው።

"አባቴ፣ ሲነሳ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።"

ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት። "መብራቷ ይሄ ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ሞተሩን ገልብጠህ አስረኸዋላ! ፊቱ ኋላ ነው፣ ኋላው ፊት ነው። እንዴት ወደ ፊት ይሂድልህ?"

"እንዴት አወቁ?"

"ሞተሩን አውቀዋለሁ፤ ደግሞስ ተጽፎበት የለም እንዴ! ዱባ!"

የገባኝ ወዲያው ነው፤ ግን እንዳይገባኝ ፈልጌ "ዱባ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

በእግራቸው አጠገብ የነበረውን ሌላ ሞተር በመዳፋቸው መቱት፤ አንዱን ጫፍ፣ ከዚያ ሌላውን። "ዱራ፣ ፊት። ዱባ፣ ኋላ። በኦሮምኛ። አንተ የናዝሬት ልጅ አይደለህም?" ድምፁን ጎተት አድርገው ደገሙልኝ፤ "ዱኡባ።" ከዚያ ሳቁ። "እኔ ፊደል አላውቅም። እኔ ስነግረው እሱ ጻፈበት። ቤት ወስዶ ሲገጥም እንዳይሳሳት ብዬ ነው።"

የናዝሬት ልጅ ነኝ። ባጃጅ ውስጥ "ዱባ ታኢ"፣ ኋላ ተቀመጥ፣ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቃሉን አውቀዋለሁ። ግን በእሱ እጅ ተጽፎ ሳየው ማንበብ የፈለግኩትን አነበብኩ።

አንድ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ ያወራሁት ከመግጠሚያ ምልክት ጋር ነው። ለእማዬ ያሳየኋት ምልክት ነው። ጋሽዬ መስኮቱን ዝጋው ብሎኝ ሄዷል፤ ሌላ ነገር አላለኝም። ውጪ የቲማቲም ደላሎች ይጯጯሃሉ። ማልቀስ አልፈለግኩም፤ ሽማግሌው ያዩኛል።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም፣ አባቴ። ሙቀቱ ነው።"

ለስላሳ አስመጡልኝ። እሳቸውም ተቀመጡ። ሞተሩን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ሲጽፈው ግን ሳቀ" አሉ።

"ማን?"

"ወንድምህ ነዋ። ሳይታመም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ዱባ ብለህ ጻፍ ስለው ብሩሹን እንደያዘ ሳቀ። ምን አሳቀህ ብለው፣ 'ቤት አንድ ዱባ አለኝ' አለኝ። ትተክላላችሁ እንዴ? አልኩት። 'አዎ፣ ሶፋ ላይ ነው የበቀለው' አለኝ። ሶፋ ላይ! ወንድምህ ቀልዱ ግማሹ አይገባኝም ነበር።"

ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ሌላስ? ሌላ ምን አለዎት?"

"ምን ይለኛል? ታዲያ ደርሷል? አልኩት። 'ገና ነው፣ አልበሰለም፤ ጊዜ ልስጠው ብዬ ነው' አለኝ። ከዚያ ጻፈበት።" ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። "ለመሆኑ በሰለ?"

እኔ ነኝ ልላቸው ነበር። ተውኩት። ብነግራቸው ለሰው ያወሩታል፣ ከሰው ሰው ይሄዳል፣ የእኔና የእሱ ብቻ አይሆንም።

"ገና ነው" አልኳቸው።

"ሲበስል አምጣልኝ። ዱባ እወዳለሁ።"

"እሺ፣ አባቴ።"

ወደ ቤት ስመለስ መጀመሪያ የሠራሁት ሳልጠርግ የተውኩትን ጫፍ መጥረግ ነው። "ዱራ" ወጣች፣ በዚያው ነጭ ቀለም፣ በዚያው እጅ። እማዬ አጠገቤ ቆማ ነበር።

"ምን አሉህ?"

"ገልብጬ አስሬው ነበር።"

"ሌላ ምንም አላሉህም?"

"ጋሽዬ ሲጽፈው ሳቀ አሉኝ።"

እራሷን ነቀነቀች። ቃሉ ኋላ ማለት እንደሆነ አልነገርኳትም። እሷም ኦሮምኛ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች። ምናልባት ከመጀመሪያው ገብቷት ይሆናል። አልጠየቅኳትም።

አራቱን ብሎን ፈትቼ ሞተሩን አዞርኩት። አሁን አሮጊቷ ወደ ፊት ትሄዳለች። ፍጥነቷ ከጋሪ ብዙም አይሻልም፤ ጭሷና ድምፅዋ ግን የትራክተር ነው። ስነዳ ጽሑፉን አላየውም። ዱባ ከእኔ ጀርባ በኩል፣ ከኋላው መቀመጫ ስር፣ በጎን ነው ያለው። ቆሜ፣ ወርጄ፣ ጎንበስ ብዬ ካልሆነ አይታይም። ከኋላ ደግሞ የሚቀመጥ የለም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ወንጂ መንገድ ወጣሁ። መስቀለኛው ላይ ተሽከርካሪ ተጨናንቆ ቆምን። አንድ ባጃጅ ከጎኔ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ቆሟል። ሾፌሩን አላውቀውም። ጭሱ መጣበት መሰለኝ አንገቱን አውጥቶ አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አያት፤ ጎኗ ላይ የተጻፈውን አነበበ።

"ዱባ!" ብሎ ጮኸ። "ዱባ፣ ጠጋ በልልኝ እንጂ!"

"አቤት!" አልኩ።

እሱ ግን በመኪኖቹ መሃል ሾልኮ ሄዷል።